የግማሽ ዋጋ ወራት

ሰኔ ሲገባ በእኛ ዳርቻ፣ በዌሊጋማ፣
ቱሪስት እንደ ወፍ ይሰደዳል፤ ሌላ ድምፅ አይሰማ
ከባሕሩ በቀር፣ ከጣሪያው በቀር።
በሬ ላይ ሰሌዳ እሰቅላለሁ፦ «በግማሽ ዋጋ፣ አልጋ ከቁርስ ጋር።»
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ ባኮረፈ ቁጥር፣ ይቅርታ ስል
እኖራለሁ፤ ሰማዩን በመርፌ የበሳሁት እኔ ይመስል።
ዝናብ ኪራይ አይከፍልም፤ ፎጣ ያረጥባል፣ ግድግዳ ያሻግታል፣
ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉ ኋላ ይወጣል።

በዚያ ሰሞን ከአውቶቡስ የወረዱት አምስት ናቸው፣
ከሃፑታሌ፣ ከሻይ ተራሮች፤ አንድ ጃንጥላ ለአምስታቸው።
ዩጋራጃ፣ የቅጠል መዛኝ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፤
ሚስቱ ፑሽፓም፤ ድስቷ በፎጣ ተጠቅልሎ በጉያዋ የታቀፈ፤
ያሊኒ፣ አሥራ አራት ዓመቷ፣ በእናቷም በድስቱም ያፈረች፤
ቲሩ፣ ስድስት ዓመቱ፣ የታጠቀውን የመዋኛ ጎማ የማይለቅ፤
አያት ሴላማ፣ አርባ ዓመት ሻይ ለቅማ ባሕር አይታ የማታውቅ።

እነሱ ታሚል፣ እኔ ሲንሃላ፤ በግማሽ ቃል፣ በጣት ተግባባን።
«ባሕሩ የት አለ?» አለች። ወደ መስኮቱ ወሰድናት፣ ሁላችን።
ነጭ ነበር። ጭጋግና ዶፍ ተጋብተው
ጀልባውን፣ አሸዋውን፣ አድማሱን በልተው።
«ይኼማ የእኛው ተራራ ነው»
ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ ዘነበ። ሐሙስ መብራት ጠፋ።
ቲሩ ጎማው ውስጥ እንዳለ በረንዳ ላይ አንቀላፋ።
ያሊኒ ኔትወርክ ፍለጋ ወንበር ላይ ቆመች፤
ፑሽፓም እርጥብ ልብስ ከክፍል ክፍል እያዞረች
ሰቀለች፤ አንዱም አልደረቀ።
ዩጋራጃ እንደ ሥራ ቀን ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየ፣
ሦስት ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ በአሸንዳው ሲፈስ እያየ።

የሟች ባሌን የካሮም ሰሌዳ አወጣሁ። ንግሥቲቱ የለችም።
ከሸሚዜ ቀይ ቁልፍ ቆረጥሁ፤ ለንግሥትነት አላነሰችም።
በሻማ ተጫወቱ። መዛኙ ሰውዬ አታለለ!
ያሊኒ እጁን ይዛ ጮኸች፤ እሱ ሳቀ፣ ካደ፣ ማለ።
ፑሽፓም በሁለት ጣቷ አፏጨች፣
ባሏ እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ፉጨት፤
ውሻዬ ከጓሮ እየሮጠ መጣ።

ዓርብ ሌሊት፣ ሁሉ ሲተኛ፣ ሴላማን በር ላይ አገኘኋት።
ወደ ጩኸቱ እያመለከተች ወጣች፤ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኋት።
እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። በመዳፏ ዘግና ቀመሰች።
እንትፍ።
«ይህን ሁሉ ጨው ማን መዘነው?» አለች፤
እንደዚያ ይመስለኛል ያለችው።

ቅዳሜ ሒሳብ አቀረብሁ። ዩጋራጃ ገንዘብ ሊያወጣ
የእናቱ እጅ በመካከላችን፣ ወረቀቱ ላይ መጣ፤
የቅጠል ጭማቂ ያጠቆረው፣ ሳሙና የማያስለቅቀው።
«ቀንሺ።» «ግማሽ እኮ ነው!» «የውሃውን ነው የምለው።»
ያሊኒ እየሳቀች ተረጎመችልኝ፤ ወደ መጨረሻው ሳቋ ቀረ።
ለካ በዝናብ የተለቀመ ቅጠል ከሚዛን ሲደርስ፣
ከየሴቷ ቅርጫት ሦስት ኪሎ «የውሃ» ተብሎ ይቀነሳል።
አርባ ዓመት ተቀነሰባት።
ዛሬ እስክሪብቶውን የያዘው ልጇ ነው።

መዛኙ ጫማውን አየ።
እኔ ለዝናብ ይቅርታ እንጂ ሒሳብ ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም።
«የውሃ» ብዬ ጻፍሁ። ሦስት መቶ ሩፒ ቀነስሁ።
ሴላማ ወረቀቱን በአራት አጥፋ
በልጇ ኪስ ከተተችው፤ «ሰኞ ትፈልገዋለህ።»

አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዝናቡ ቆመ፤ አሁን!
ባሕሩ ወጣ፣ ሰማያዊ፣ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ።
የቲሩ ጎማ በረንዳ ላይ ቀርቷል፣ መካከሉ ትንኝ ሰፍሮበታል።
ካሮሙን ላነሣ ጠጠሮቹን ቆጠርሁ።
ቀይ ቁልፌ የለችም።
ሸሚዜ እስከ ዛሬ እንደተከፈተ ነው።